የቲቸር ታደለች ንዴት

ቲቸር ታደለች የተቀበሩ ዕለት የሕይወት ታሪካቸውን ያነበበው ሰው «ታጋሽ፣ ትሁት፣ ድምፃቸው ከፍ ብሎ የማይሰማ እናት ነበሩ» አለ። ከመቃብሩ ዳር ቆሜ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ዙሪያዬን ሳይ ሕዝቡ አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል፤ አንዳንዱም እውነት ነው በሚል ሁኔታ ራሱን ይነቀንቃል። ሁሉም ያውቋቸዋል። ግማሾቹ እየተቆጡ ያስተማሯቸው፣ የቀሩት ተቆጥተው ከደጃቸው የመለሷቸው ናቸው። ድምፃቸው የማይሰማ! ቲቸር ታደለች ሲቆጡ ከሆሳዕና መናኸሪያ በላይ ያለው ሰፈር በሙሉ ይሰማ ነበር።

ከቀብሩ የተመለስኩት ተናድጄ ነው። ሴትየዋ አንድ ትልቅ በደል ተፈጽሞባቸው፣ በዚያ በደል እንደተቆጡ ኖረው እንደተቆጡ ነው የሞቱት። አሁን ደግሞ ንዴታቸውን ከሳጥኑ ጋር አፈር ሊያለብሱት ነው። እኔ በግቢያቸው ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ሦስት ዓመት ኖሬያለሁ። የማውቃቸውን ልናገር።

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የፊዚክስ አስተማሪ ነበሩ። ጡረታ ከወጡም በኋላ ጋሪ ነጂው፣ ቆጮ ሻጯ፣ ፓስተሩ፣ ሁሉም «ቲቸር» ነው የሚላቸው። አጭር ናቸው፤ ፈጠን ፈጠን ብለው ይራመዳሉ። ቁጣ ሲመጣባቸው መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጫፍ መጥረግ ይጀምራሉ፤ ያን ጊዜ የሚያውቃቸው ሰው ቀስ ብሎ ከአጠገባቸው ይሄዳል። ከሁሉ በላይ የሚጠሉት «አይሠራም» የሚል ቃል ነበር።

አንድ ቀን ለቤት ግብር ጉዳይ አብሬያቸው አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ልጅ ቀና ብሎ እንኳን ሳያያቸው «ሲስተም የለም» አለ።

«የለም ማለት ምን ማለት ነው?» አሉት።

«የለም ነዋ። አይሠራም።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «አይሠራም መልስ አይደለም። የት ላይ ነው የቆመው? መብራት ነው የሌለው? መስመር ነው የሌለው? ኮምፒውተሩ ነው የተበላሸው? ወይስ ሁሉም አለ፣ አንተ ነህ የሌለኸው?»

ተራ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጁ ፊቱ ቀላ፤ ተነስቶ ወደ ውስጥ ገባ፤ ለካ ከግድግዳው የተነቀለ ገመድ ነበር። ቲቸር ግን ሥራቸው ካለቀ በኋላም አልበረደላቸውም። ጭቃውን እየረገጡ «ጠዋት ከሌሞ በእግራቸው የመጡ ሽማግሌ እዚያ ቆመዋል፤ አንድ ገመድ ለማየት ሰነፈ!» እያሉ እስከ ቤት ድረስ ብቻቸውን ሲያወሩ ሄዱ።

ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይቷል። ልጆቻቸው ሁለት ናቸው። ሜሮን ባንክ ትሠራለች፤ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። ታላቅ ወንድሟ ምህረቱ እንደ ብዙዎቹ የአገሩ ልጆች ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ትንሽ ሱቅ ከፍቷል። ለእናቱ ስማርት ስልክ የላከላቸው እሱ ነው፤ ቤቱ ዋይፋይ እንዲገባም ያደረገው እሱ ነው። እሁድ እሁድ እሳቸው ከቤተክርስቲያን ሲመለሱ ይደውላል። ስልኩን ፊታቸው ላይ ስለሚያስጠጉት እሱ የሚያየው ግንባራቸውን ብቻ ነው። «እማዬ ራቅ በይ፣ ሙሉ ፊትሽን ልይ» ይላል። እሳቸው ይቆጡታል፤ ለምን ከሳህ፣ ለምን ሱቁን በጊዜ አትዘጋም፣ ለምን ሚስት አታገባም። እሱ ይስቃል። ሳይቆጡት የቀሩ እሁድ «ታመሻል እንዴ?» ብሎ እንደገና ይደውል ነበር።

አንድ ጊዜ ለሥራ ወደ ጊምቢቹና ጃጁራ ወጣሁና ከሳምንት በላይ ቆየሁ። ስመለስ በሩን የከፈተችልኝ ሜሮን ናት። ዓይኖቿ አብጠዋል። «ጉንፋን ይዞኝ ነው» አለችና ፊቷን አዞረች። ቲቸር ድምፄን ሰምተው ከሳሎን ስሜን ጠሩ።

«ሰላም! መጣሽ? ነይ፣ ይሄ ስልክ አብዷል።»

ልብስ እንኳን ሳልቀይር ገባሁ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እሳቸው ከፊቱ እንደ ፈታኝ ተቀምጠዋል። የቤቱን ዋይፋይ ያየዋል፤ ሲጫኑት ትንሽ ያስባል፤ ከዚያ መገናኘት አልቻልኩም ይላል። ሲም ካርዱን ደግሞ ሜሮን «እንደገና መመዝገብ አለበት ተብሏል» ብላ ወስዳዋለች። ስለዚህ ስልኩ ከዋይፋዩ ውጪ ምንም የለውም።

«ባለፈው እሁድ ምህረቱን አላገኘሁትም» አሉኝ። «ሜሮን ደውላለት፣ ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው ብላኛለች። እኔ ግን በራሴ ስልክ ነው የምፈልገው።»

ስልኩን አጥፍቼ አበራሁት። ዋይፋዩን ዘግቼ ከፈትኩ። የቤቱን ኔትወርክ ከስልኩ ውስጥ አስረስቼ ፓስወርዱን እንደ አዲስ፣ ፊደል በፊደል፣ እሳቸው እየጠሩልኝ አስገባሁ። እምቢ አለ። መደርደሪያው ላይ ያለውን የዋይፋይ ሳጥን ከሶኬት ነቅዬ፣ ትንሽ ቆይቼ መልሼ ሰካሁ። መብራቶቹ በሙሉ ደህና በሩ። አሁንም እምቢ አለ።

ሜሮን በሩ ላይ ቆማ ታየናለች። «እማዬ፣ ከመስመሩ ነው ስልሽ። ተዪው፣ ሰላምም ደክሟታል።»

ቲቸር ወደ እኔ ዞሩ። «ያንቺ ስልክ ይሠራል?»

ከፍቼ አየሁ። «ይሠራል ቲቸር።»

በዚሁ መሃል ሜሮን ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ መልእክት መግባቱን አሰማ።

«የሁለታችሁም ይሠራል። እንግዲያው መስመሩ ደህና ነው» አሉ። «ችግሩ ወይ ከዚህ ስልክ ነው፣ ወይ ከዚያ ሳጥን ነው። ስልኩን ወደ ሌላ ዋይፋይ ወስደን እንሞክረዋለን። እዚያ ከሠራ ስልኩ ደህና ነው ማለት ነው። ተነሺ።»

ሜሮን መንገዱን ዘጋች። «ዝናብ ሊመጣ ነው እኮ። ለእኔ ስጪኝ፣ ነገ አሠርቼልሽ እመጣለሁ» ብላ ስልኩን ከእጃቸው ልትወስድ ሞከረች። ቲቸር እጇን መቷት። «በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲሜን ወሰድሽ፤ አሁን ስልኩን! ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ?» ሜሮን ጣቶቿን አሸች። እኔ ያኔም ምንም አልገባኝም ነበር።

መንገድ ላይ የሆነ ነገር እንዳለ መጠርጠር ጀመርኩ። ቲቸርን ካገኘቻቸው ግማሽ ሰዓት ሳታወራ የማትለቃቸው ጎረቤት ከሩቅ አይታን ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ መንገድ ተሻገረች። ከልብስ ሰፊው ቤት ፊት ለፊት የቆሙት ሰዎች እኛ ስንቀርብ ወሬያቸውን አቋረጡ። ቲቸር ስልካቸውን ጨብጠው ወደፊት ነው የሚያዩት።

ከዋናው መንገድ ዳር ያለው ኬክ ቤት ገብተን ሁለት ማኪያቶ አዘዝን። ፓስወርዱ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። አስገባሁት። ወዲያው ተገናኘ።

ቲቸር ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። «አየሽ! ስልኩ ደህና ነው! እኔ አልኩ አላልኩም? ችግሩ እቤት ነው!» አፋቸው እስከ ጆሯቸው ድረስ ተከፈተ። ያን ያህል ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

ከዚያ መልእክቶቹ መግባት ጀመሩ። ስልኩ አንዴ ጮኸ፣ ደገመ፣ ከዚያ ማቋረጥ እምቢ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጠ ወደ ስኒው ተጠጋ። ከላይ ያለው የምህረቱ ስም ነው፤ በድምፅ የላካቸው መልእክቶች ተደርድረዋል። ቲቸር ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ የመጀመሪያውን ነኩት።

የሚናገረው በሀዲይሳ ቋንቋ ነው። እኔ ሾኔ ተወልጄ ስላደግሁ እሰማለሁ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «እማዬ፣ እንዳትደነግጪ። ሱቅ ውስጥ ሌቦች ገብተው መትተውኛል፤ ሆስፒታል ነኝ፤ ደህና ነኝ። ስልክሽ ለምን ዝግ ሆነ? ደውይልኝ።»

ሁለተኛው ከዚያ ያጠረ ነው። «እማዬ፣ ሜሮን ቤተክርስቲያን ነሽ አለችኝ። ስትመጪ ደውይልኝ። ትንሽ አውሪኝ።»

በሦስተኛው ትንፋሹ ከቃሉ ይበልጣል። «እማዬ፣ ዛሬም አጣሁሽ። ተቆጥተሽኝ ነው እንዴ?»

ከዚያ በታች የሌሎች ሰዎች መልእክቶች ናቸው። እዚያው ከተማ የሚኖሩ ጓደኞቹ፣ የሩቅ ዘመዶች። ጌታ ያጽናናችሁ ይላሉ። የምህረቱ ፎቶ፣ ከሥሩ አበባ።

እጃቸውን ያዝኩ። ቀስ ብለው አስለቀቁኝ። አላለቀሱም፤ አልጮኹም። አስተናጋጁ መጥቶ «ማኪያቶው ቀዘቀዘ፣ ልቀይረው?» አለ። ቲቸር «አይ ልጄ» አሉት፤ ተነስተው ወጡ። ዝናቡ ጀምሮ ነበር፤ እኔ ከኋላቸው ሮጥኩ።

ቤት ስንደርስ ሳሎኑ ሞልቷል። ሜሮን ደውላ ጠርታቸው ነው። በመሃል የቲቸር ታናሽ ወንድም አቶ ዮሐንስ ተቀምጠዋል፤ እህል ነጋዴና የቤተክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ በዘመዱ ሁሉ ፊት ቃላቸው የሚሰማ ሰው። ሌሎች ሽማግሌዎችም አሉ። ሁሉም ብድግ አሉ።

«እህቴ፣ ነይ ተቀመጪ» አሉ አቶ ዮሐንስ።

«አልቀመጥም። መቼ ልትነግሩኝ ነበር?»

«ቅዳሜ ንጋት ላይ… አስከሬኑ ሲቃረብ…»

«ቅዳሜን ተዉት። እኔ ልንገራችሁ። ልጄ ምህረቱ ሞቷል። መርዶውን የማታውቁ ካላችሁ ስሙ።»

አንዲት ሴት ማልቀስ ጀመረች። ቲቸር «ዝም በይ» አሏት። መነጽራቸው ላይ የዝናብ ጠብታ አለ፤ አላወለቁትም። «ስልኬን የዘጋው ማነው?»

ሜሮን መሬት ላይ ቁጭ አለች። አቶ ዮሐንስ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ቆስሎ ሆስፒታል መግባቱን ስንሰማ፣ ደም ግፊት አለብሽ፣ ትደነግጫለሽ ብለን ነው። ሐኪሞቹ ይድናል ብለውን ነበር። ሲድን እንነግርሻለን አልን። ድምፁን ብትሰሚ ታውቂ ነበር…»

«አውቅ ነበር! ማወቅ ነበረብኝ!» ያ ድምፅ ነው ሰፈሩ ሁሉ የሚሰማው። «የሞተ ሰው መርዶ እስኪነጋ ይቆይ ብትሉ አገሩ የለመደው ነው፤ እኔም ስንት ቤት በንጋት ሄጄ ነግሬያለሁ። ልጄ ግን ቆስሎ ተኝቶ፣ በሕይወት እያለ፣ ይጠራኝ ነበር! እናንተ እዚህ ተቀምጣችሁ ዘጋችሁብኝ! ተቆጥታኝ ነው ብሎ ሞተ! ማን ነው ልቤን ጠብቁልኝ ያላችሁ?»

አንደኛው ሽማግሌ «እህታችን፣ እንጸልይ» አሉ።

«ቆይ» አሉ ቲቸር። «ሜሮን፣ ክፈቺው።»

ሜሮን ስልኳን አወጣች። የዋይፋዩን መቆጣጠሪያ ከፈተች፤ የእናቷ ስልክ እንዳይገባ ከተከለከለበት ቦታ አውጥታ ፈቀደች። አንዲት ነገር መንካት ብቻ ነው። የቲቸር ስልክ እጃቸው ላይ እያለ ከቤቱ ጋር ተገናኘና እንደገና መልእክት መቀበል ጀመረ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ያን ድምፅ ቆመው አዳመጡ። እስከዛሬ ስለዚያች ሰዓት ሳስብ ያናድደኛል፤ እንዲህ ቀላል ነገር ነበር።

በለቅሶው ድንኳን ውስጥ አቶ ዮሐንስ ከሐዘንተኞቹ ረድፍ ሊቀመጡ ሲመጡ ቲቸር በሰው ሁሉ ፊት «አንተ እዚህ አትቀመጥም» አሏቸው። ልጃቸው ሲቀበርም አላለቀሱም። ሰው አማቸው። «ልቧ ድንጋይ ነው፤ ለልጇ እንኳን እንባ የላትም» ሲባል ውሃ መቅጃው ጋ ሰምቼ ከተናጋሪዋ ጋር ተጣልቻለሁ።

ከወራት በኋላ ለእርቅ ሽማግሌ መጣ። አቶ ዮሐንስ አጎንብሰው ገቡ፤ ከስተዋል፤ እውነትም ተጎድተው ነበር። ቲቸር እስከመጨረሻው አዳመጡ። «ይቅር ብዬሃለሁ» አሉ። «ለጌታ ብዬ ነው፤ ከልቤ ነው። ንዴቴን ግን አትጠይቁኝ። እሱ የልጄ ነው፤ ለማንም አልሰጥም።» ሽማግሌዎቹ ግራ ገብቷቸው ጸለዩና ሄዱ።

የዋይፋዩን ሳጥን ወደ መኝታ ቤታቸው አስገቡት። እኔን ጠርተው «አሁን ሁሉንም አሳዪኝ» አሉ። ማን እንደገባ የሚታይበትን፣ ፓስወርድ የሚቀየርበትን፣ ሰው የሚታገድበትን አሳየኋቸው፤ አንዴ ነው ያሳየኋቸው፣ ያዙት። አንድ እሁድ የሜሮንን ስልክ ከጠዋት ጀምሮ ዘጉት። ሜሮን ቀኑን ሙሉ የተዘጋውን ስልክ ይዛ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። እኔ «ቲቸር፣ ይበቃታል» ብላቸው «አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አሉኝ። ሲመሽ ከፈቱላት፤ ራቷንም ራሳቸው አቀረቡላት። ያን ሥራቸውን አልወደድኩትም። ቢሆንም አድርገውታል፤ አላደረጉም ብዬ ላስተካክላቸው አልፈልግም።

በሚቀጥለው ዓመት ከእኔ ክፍል አጠገብ የምትኖረው አስቴር ወለደች። የዱራሜ ልጅ ናት። ገና አራስ እያለች አባቷ ሕመም ጠንቶባቸው እዚያው ዱራሜ ሆስፒታል ገቡ። ባሏ ሚስጥሩን ለእኔ ነገረኝ፤ «ወተቷ ይደርቃል፣ ትታመማለች፣ እንዳትነግሪያት» ብሎ ለመነኝ። ያሰበው ለሚስቱ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ቲቸር ግን በመስኮት ሰምተውን ነበር። መነጽራቸውን እየጠረጉ መጡ፤ ሁለታችንንም አልፈው አስቴር ክፍል ገቡ።

«አስቴር፣ ስሚኝ። አባትሽ ታመዋል፤ ሆስፒታል ናቸው፤ በሕይወት አሉ። ልሂድ ካልሽ ልጁን እኔ እይዝልሻለሁ። አልሄድም ካልሽም ያንቺ ፈንታ ነው። እንዳትሰሚ የሚያደርግሽ ግን የለም።»

አስቴር አንዴ ጮኸች። ከዚያ ተነስታ ጫማዋን ትፈልግ ጀመር። ባሏ ግቢውን በጩኸት ሞላው። «አራስ ናት! አንድ ነገር ብትሆን ተጠያቂዋ እርስዎ ነዎት!»

«ልክ ነህ፣ እኔ ነኝ» አሉት። «አሁን ሚኒባስ ጥራ።»

እሱም ተሳፈረ፤ እኔም ተሳፈርኩ። ቲቸር ሕፃኑን ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ መኪናው በዘለለ ቁጥር ሹፌሩን እየተቆጡ ዱራሜ ደረስን። የአስቴር አባት ከትራስ ቀና ብለው ነበር። ልጃቸውን አወቋት። ሕፃኑን ደረታቸው ላይ አስተኛችላቸው፤ እጃቸውን ጀርባው ላይ አደረጉ፤ ስሙ ማን እንደሆነ ሲጠይቋት በሩ ላይ ሆነን ሰማን። ባሏ በሩን ተደግፎ ፊቱን ሸፈነ። በማግስቱ ሽማግሌው አረፉ።

በደረስንበት ዕለት ቲቸር ወደ ክፍሉ አልገቡም። ኮሪደሩ ላይ ቆመው ሳለ የአስቴር አክስት ወጥተው «ለአራስ ልጅ ይህን የነገረ ጨካኝ ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አሉ ቲቸር። «ነገም ቢሆን እነግራለሁ።»

ሴትየዋ ከላይ እስከታች ገላምጠዋቸው ተመለሱ። ቲቸር ከግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ ትከሻቸው ነው የተንቀጠቀጠው። ከዚያ እንደ ልጅ አፋቸውን ከፍተው አለቀሱ። «ምህረቱ፣ ምህረቱ» ይላሉ። ልጃቸው ከሞተ ጀምሮ እኔ ሲያለቅሱ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። ሄጄ ላቅፋቸው ስል በክርናቸው ገፉኝ።

«ተይኝ!» አሉኝ።

ተውኳቸው። ሰዎች ከየክፍሉ ብቅ ማለት ጀመሩ፤ አንዲት ነርስ «እናቴ፣ ይበቃል፣ ዝም ይበሉ» እያለች ወደ እሳቸው መጣች። መንገዷ ላይ ቆምኩ። እሳቸው አልቅሰው እስኪወጣላቸው ድረስ ማንንም አላሳለፍኩም።